ካባው አጠረኝ

በ2067 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁለት ሰዎች ሊፍት ላይ ሲገናኙ እነሱ ዝም ይላሉ፤ ደረታቸው ላይ የተለጠፉት ትንንሽ መሣሪያዎች፣ ሰላምተኞቻቸው፣ ይነጋገራሉ። እንዴት አደርክ፣ እግዜር ይመስገን፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ሁሉም ደህና፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሃል፣ አንተስ፣ እናትህስ ተሻላቸው፤ ይህ ሁሉ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል። ባለቤቶቹ የሊፍቱን በር ያያሉ። "አይቶኝ እንዳላየ አለፈኝ" ተብሎ የሚኮረፍበት ዘመን አልፏል። ያ ኩርፊያ በጊዜው ስንት እድር እንዳፈረሰ፣ ስንት ሰርግ እንዳጎደለ ለሚያስታውስ ሰው እፎይታው ትልቅ ነው።

ጠባሴ ሰፈር ያለው ረጅም ሕንጻ፣ የጠባሴው ማማ፣ ነዋሪዎች ግን ሙሉ እፎይታ አላገኙም። እትዬ ኤልዳና አለቻቸው።

ስሟ ዕድሜዋን ያሳብቃል። ዛሬ ልጁን ኤልዳና ብሎ የሚጠራ ወላጅ የለም፤ መዋዕለ ሕፃናቱ በበለጥሻቸው፣ በወርቅነሽና በተሰማ ተሞልቷል። ኤልዳና፣ ያብስራ፣ ሜላት የሚባሉት ጉልበታቸውን ይዘው የሚነሡት ናቸው። እትዬ ኤልዳና ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው በአንድ የስልክ ጥሪ ማዕከል ነው። ሥራዋ "እንደምን ዋሉ? ምን ልርዳዎት?" ማለት ነበር። እንደምን ዋሉ ብሎ መልሱን መጠበቅ ግን ክልክል ነው፤ ጊዜ ይፈጃል። አንድ ጊዜ አንዲት ደዋይ "ኧረ ደህና አልዋልኩም እቴ" ብላ ስትጀምር አለቃዋ ከኋላ መጥቶ ሴትየዋን ወደ ሙዚቃ አዛወራት። እትዬ ኤልዳና ያችን ሴት እስከ ዛሬ አልረሳቻትም። ጡረታ በወጣች ማግስት ሰላምተኛዋን ከደረቷ ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ሊፍት ውስጥ ገብታ ቆመች።

"እንዴት አደርክ አንተ?" ትላለች። ከዚያ ትጠብቃለች።

ጉዱ ያለው መጠበቁ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ሰው ይደነግጥ ነበር፤ አንድ ጎረምሳ እንዲያውም አሥረኛ ፎቅ ላይ ወርዶ የቀረውን በእግሩ ጨርሶታል። እየቆየ ግን ለመዱት። "ደህና" ብሎ ፊቱ ደህና ያልሆነ ሰው ካጋጠማት ዓይኗን አትነቅልም፤ ሊፍቱ ምድር ሳይደርስ ያ ሰው ሚስቱ አኩርፋ እናቷ ጋ መሄዷን ይናገራል። እሷ ታዲያ ምክር አትሰጥም። "ውይ!" ትላለች። በማግስቱ ደግሞ "ተመለሰች?" ትላለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ማንም አልቀጠራት፣ ማንም አልላካት።

ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ኢዮስያስ ይኖራሉ፤ ጡረታ የወጡ የመንገድ መሐንዲስ። ባለቤታቸው ሜላት ከሞተች ዓመት አልፏታል። ለቅሶው በወጉ ተደርሷል፤ የመላው ማማ ሰላምተኛ "እግዜር ያጽናዎ" ብሏል፤ የሳቸውም "አሜን" ብሎ መልሷል፤ ድንኳኑ ራሱን ተክሎ ራሱን ነቅሏል። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ኢዮስያስ የሚሄዱበት ሳይኖራቸው በየጠዋቱ ሊፍት ውስጥ ይገባሉ።

"እንዴት አደሩ ጋሼ?"

"አለሁ።"

ትጠብቃለች። እሳቸው የፎቁን ቁጥር ያያሉ። ምድር ይደርሳሉ፤ ወጣ ብለው ሰማዩን አይተው ይመለሳሉ። አንድ ክረምት ሙሉ "አለሁ" ብቻ ነበረች። ጥቅምት ሲገባ "አለሁ፤ ብርዱ ግን..." ሆነች። ከዚያ አንድ ቀን ሊፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ፣ ማንም ሳይነካቸው፣ "ሜላት በዚህ ብርድ የኔን ካልሲ ነበር የምታደርገው" አሉ። እትዬ ኤልዳና ያን ዕለት ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት።

እንዲህ ዓይነቷን ሴት መሸለም ማን ይጠላል?

ከክብርና ዕረፍት ቢሮ የመጣችው ወጣት በለጥሻቸው ትባላለች። በር ላይ ጫማዋን አውልቃ ገባች። እጇ ላይ መዳፍ የምታህል የምትናገር ማሽን ይዛለች፤ ክብሬ ናት። በከተማው ማን ምን ያህል እንደሚከበር የምትወስነው ክብሬ ናት።

"እንኳን ደስ አለዎት እትዬ! የዓመቱ ምስጉን በጎ ፈቃደኛ ጡረተኛ ሆነዋል!"

"እኔ? በስማም! ምን ሠርቼ? ኧረ አይገባኝም ልጄ።"

"የትሕትና ምላሽዎ ደርሷል፤ እናመሰግናለን" አለች ክብሬ።

"ካባ ይለብሳሉ፣ ከዚያ ያርፋሉ" አለች በለጥሻቸው ፈገግ ብላ።

"ከምን ነው የማርፈው?"

"ከሊፍቱ ነዋ! የተሸለመ ሰው በተሸለመበት ነገር አይደክምም። ደንብ ነው እኮ። ሽማግሌ እያመሰገኑ ማሠራት ግፍ ነው ተብሎ ነው የወጣው።"

እትዬ ኤልዳና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ማን ነው የጠቆመኝ?"

"ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ያሉት አባት። ደውለው አንድ ሰዓት ያህል አወሩ። እኛ ቢሮ ሁላችንም አለቀስን።"

"ጋሽ ኢዮስያስ? አንድ ሰዓት?" አለች። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሳቸው አፍ ያገኘችው ቃል ቢጠራቀም ከሳሎን ወደ ኩሽና አያደርስም። ትደሰት ወይ ትናደድ ግራ ገባት። ከዚያ ግን ደንቡ ትዝ አላት። "ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ከልቤ ነው። አልፈልግም።"

"ጥልቅ ትሕትና" አለች ክብሬ። "በካባው ላይ ዋንጫ ተጨምሯል።"

ወደ ግቢ ወርዳ ያብስራን ፈለገችው። ያብስራ የአምናው ተሸላሚ ነው፤ የማማውን የአበባ ግቢ ከድንጋይ ክምር ላይ በእጁ ያወጣ ሰው። አሁን አበባው መሀል ወንበር ላይ፣ ወርቅማ ጥልፍ ያለው ጥቁር ካባ ለብሶ ተቀምጧል። ተሸላሚ ያለ ካባው ከቤቱ መውጣት አይችልም፤ የሕንጻው በር አይከፈትለትም። አበባውን የሚያጠጣው ማሽን ነው። ማሽኑ ሥራውን በትጋት ይሠራል፤ ሙጃውንም ጭምር ያጠጣል።

"ኤልዱ፣ እሱን ሙጃ አየሽው?"

"የቱን?"

"እሱን። ጽጌረዳዋ ሥር። ዓይኔ እያየ ነው የሚያድገው። ሙድ እየያዘብኝ እኮ ነው!" ጎንበስ ሊል ሞከረ። ካባው ከወገቡ ላይ እንደ ሳንቃ ደረቀ። "ክቡርነትዎ፣ ይተዉት፤ እስካሁን የደከሙት ይበቃል" አለ ካባው፣ በጣም በሚያምር ድምፅ። አጠገባቸው ይጫወቱ የነበሩ ልጆች የካባውን ድምፅ ሲሰሙ ብድግ ብለው ቆሙ፤ መቆም ግዴታ ነው። ያብስራ "ተቀመጡ ልጆች፣ በሞቴ" ቢላቸውም ካባው እስኪለሰልስ ድረስ አልተቀመጡም።

እትዬ ኤልዳና ሙጃውን ከነሥሩ ነቅላ አሳየችው።

"ተባረኪ" አለ፣ ከጉሮሮው የሆነ ነገር እንደወጣለት ሁሉ። "አንቺንም ሊያለብሱሽ ነው አሉ።"

"እምቢ ነው የምላቸው።"

"እኔስ እምቢ ሳልል ቀርቼ ነው? እምቢ ባልኩ ቁጥር ጥልፉ እየሰፋ ሄደ። አቦ ተይኝ ኤልዱ፣ ክብር ማለት ትከሻ ላይ ቁጭ ብሎ የማይወርድ ዘመድ ማለት ነው።"

በማግስቱ ጠዋት ለጋሽ ኢዮስያስ ልትነግራቸው ቆርጣ ሊፍት ውስጥ ጠበቀቻቸው። ጥቆማውን ያንሡ፣ አላወቁም እንጂ እኔን ከዚህ ሊፍት ማስወጣትዎ ነው፣ ልትል። በሩ ሲከፈት ጋሽ ኢዮስያስ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ቆመዋል።

"እንዴት አደሩ ጋሼ?"

"እየተለማመድኩ ነው" አሉ። "ንግግሩን። እኔ ነኝ የማቀርበው።" ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። "ይኸ ከሜላት ጋር ሆነን የገዛነው ነው። አልጠበበም አይደል?"

አንድ ዓመት ሙሉ ከሰጧት ቃል ሁሉ ይህ ይበልጣል። ታዲያ በምን አፏ ትንገራቸው?

"ልክክ ብሏል" አለች። ይሉኝታ ያዛት።

ቀጥታ ቢሮው ሄደች። በለጥሻቸው ወንበር ሳብ አደረገችላት። እትዬ ኤልዳና ግን አልተቀመጠችም፤ ጮኸች፤ ለመነች፤ መጨረሻ ላይ እንባዋ መጣ።

"እንባ" አለች ክብሬ፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ። "የትሕትና የመጨረሻው ደረጃ። የጠባሴው ማማ ሊፍት ከሽልማቱ ቀን ጀምሮ ኤልዳና ሊፍት ተብሎ ይጠራል። ሰላምታዋ በድምፅዋ ይቀጥላል።"

"በድምፄ?"

"ቀድተንዎታል እትዬ" አለች በለጥሻቸው፤ ትንሽ አፈረች። "ሊፍቱ በተከፈተ ቁጥር 'እንዴት አደራችሁ' ይላል። በጣም ነው የሚያምረው።"

"መልሱን ማን ይሰማል?"

"መልስ..." አለች በለጥሻቸው። "ድምፅ ብቻ ነው እኮ።"

እትዬ ኤልዳና ጋሽ ኢዮስያስ ሊፍት ውስጥ ብቻቸውን ቆመው፣ ከጣሪያ ለሚመጣ የራሷ ድምፅ "አለሁ" ሲሉ ታያት። አሁን ተቀመጠች።

"ልጄ፣ ይቺ ነገር ሰው እምቢ ሲል ለምን አትሰማም?"

በለጥሻቸው ወደ ክብሬ ተመለከተችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ድሮ ትሰማ ነበር። አይገባኝም ያለውን ሁሉ እሺ ብላ ትሰርዘው ነበር። አንድ ዓመት አዳራሽ ሞልቶ፣ የሙዚቃ ባንድ ተሰልፎ፣ ዋንጫው ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ የሚሸለም ሰው ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ተቀይመው ተቀምጠዋል። 'አንዴ እምቢ ስላልን ዝም ይባላል እንዴ? ወግ የለም? ልመና የለም?' እያሉ። የምሳ ማሽኖቹም በዚያው ሰሞን 'በቃኝ' ያለውን ሰው አምነው ሳህኑን እያነሡ እንግዳ ሁሉ ጦሙን ይሄድ ነበር። ሰርጎች ተበላሹ። ከዚያ በኋላ ነው ባህላችንን ያስተማሯቸው።"

"ምን ብለው?"

"እምቢ ማለት እሺ ማለት ነው ብለው።"

"እሺ ያለ ሰውስ?"

በለጥሻቸው ሳቀች። "ማን ይላል እትዬ? እስካሁን ያለ የለም። ሰው ምን ይለኛል የማይል ማን አለ?"

እትዬ ኤልዳና አብራት ልትስቅ አፏን ከፈተችና ተወችው።

በሽልማቱ ቀን የማማው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሴቶቹ ነጭ ለብሰዋል። ግድግዳው ላይ "እንኳን ለክብርዎ አበቃዎ" ይላል። እትዬ ኤልዳና መድረክ ላይ እግሯን ገጥማ ተቀምጣለች፤ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ከልጅነቷ ጀምሮ ከሳህን ላይ የመጨረሻዋን ቁራሽ አንስታ አታውቅም። ፎቶ ስትነሣ እንኳ ከሰው ጀርባ ነው የምትቆመው። አሁን ግን ከፊቷ ያሉትን አንድ በአንድ አየች፤ የሁሉንም ጠዋት ታውቃለች። በነሱ ፊት ያላትን መልካም ስም በሊፍቱ ልትለውጥ ነው።

ጋሽ ኢዮስያስ ተነሡ። ሰላምተኛቸውን ከደረታቸው ነቅለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

"ሜላት ስትሞት ሁላችሁም እንዴት ነህ ብላችሁኛል" አሉ። "ማለቴ ሰላምተኞቻችሁ። የኔውም ደህና ነኝ ብሎ መልሶላችኋል። እኔ ደህና አልነበርኩም። ይቺ ሴት ጠየቀችኝና ቆመች። ዝም አልኳት። ቆመች። በማግስቱም ዝም አልኳት፤ አሁንም ቆመች። ሰው ዝም ከተባለ ይሄዳል አይደል? እሷ አልሄደችም።" ክራቫታቸውን ያዙ። "እና አለሁ። ይኸው ነው።"

የፊት መደዳው በሙሉ አፍንጫውን በነጠላ ያዘ። ያብስራ ካባው ቀጥ አድርጎ ስለያዘው እንባውን መጥረግ አልቻለም፤ ጎረቤቱ ጠረገለት።

"ክብርት ወይዘሮ ኤልዳና" አለች ክብሬ ከመድረኩ ጣሪያ፣ "ይህን ክብር ይቀበላሉ?"

ሕዝቡ ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ትንንሾቹ ልጆች እንኳ የሚመጣውን ስለሚያውቁ በከንፈራቸው "አይገባኝም" ይላሉ።

"እቀበላለሁ" አለች እትዬ ኤልዳና ከወንበሯ ተነሥታ። "ይገባኛል።"

"ይቅርታ፤ በደንብ አልተሰማም። ይድገሙልኝ።"

"ይገባኛል አልኩ! እንዲያውም ዘግይታችኋል። እስካሁን ምን ትሠሩ ነበር?"

ከኋላ አንዲት ሴት "በስማም!" አለች። በለጥሻቸው ካባውን ይዛ በደመ ነፍስ ወደፊት መጣችና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት።

"አጠረኝ" አለች እትዬ ኤልዳና። ፊቷ እንደ ምድጃ ነዷል፤ ድምፅዋ ግን የጥሪ ማዕከል ድምፅ ነው፣ አይሰበርም። "ይኸ ለኔ ይሆናል? ጥልፉስ ቀጠነ እኮ! ለያብስራ አበባ ውሃ ስላጠጣ ያን የሚያህል ከተሰጠው፣ የኔማ መሬት ለመሬት መጎተት ነበረበት። ከኔ የሚበልጥ እስቲ አሳዩኝ!"

ሁሉም ወደ ያብስራ ዞረ። ያብስራ ትንሽ አያት። ከዚያ ትከሻው ካባው ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"አቤት ጉራ!" ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ ውስጥ ያለው ደስታ ነው። "ሼም የለሽም ኤልዱ?"

"የለኝም!"

"ውሳኔ ከመስጠቴ በፊት የመጨረሻ ጥያቄ" አለች ክብሬ፤ ድምፅዋ ውስጥ ልመና ያለ ይመስላል። "ተናጋሪው ስለ እርስዎ ያሉት አልበዛብዎትም?"

እዚህ ላይ "ኧረ በዛብኝ" ብትል ሁሉም ነገር ይድናል፤ ስሟም፣ ካባውም። ጋሽ ኢዮስያስ እንደቆሙ ናቸው። ከሜላት ጋር የተገዛው ክራቫት ወደ ጎን ዞሯል። እትዬ ኤልዳና ዓይናቸውን እያየች ከዚህ በፊት የነበረው ሁሉ ቀልድ እንደነበር ገባት። ከባዱ ይህ ነው።

"አነሰኝ" አለች። "ንግግሩ አጭር ነው። ጋሽ ኢዮስያስ ገና ብዙ ይቀራቸዋል።"

የጋሽ ኢዮስያስ ፊት እንደ ተዘጋ በር ሆነ። አንዳንዱ "ውይ እሳቸውን!" አለ። እትዬ ኤልዳና እንደ ልማዷ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሽማግሌው በመሀል መተላለፊያው አልፈው ወጡ።

"በትሕትና ጉድለት ምክንያት ክብሩ ተነሥቷል" አለች ክብሬ። "ካባው ይመለስ።"

ቁልፉ ራሱ ተፈታና ካባው መድረኩ ላይ ወደቀ። የሙዚቃ ባንዱ ግራ ገብቶት የልደት ዜማ ጀመረ፤ ወዲያው ተወው። ሰው በየአቅጣጫው ሲወጣ ማንም ወደ መድረኩ አላየም። ያብስራ ብቻ ካባው እየተንቋቋ መጣና ሊያቅፋት ሞከረ። "ክቡርነትዎ፣ ይተዉት" አለው ካባው።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ኤልዳና ሊፍት ውስጥ ገባች። ከጣሪያው የሚመጣ የራሷ ድምፅ የለም፤ ሊፍቱም እንደ ድሮው ቁጥር እንጂ ስም የለውም። አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ የገባችው እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። "እንዴት አደራችሁ?" አለቻቸው እትዬ ኤልዳና፤ ጠበቀች። ሴትየዋ በሩን አየች። ሊፍቱ ውስጥ የቆመው፣ ያኔ ከሷ ሸሽቶ በእግሩ የወረደው ጎረምሳ፣ አሁን የሁለት ልጆች አባት፣ ትንሽ ታገለና፣

"እትዬ፣ እውነት ግን አጥሮ ነበር?" አላት።

"በጣም!"

ሳቁ አመለጠው። ልጅቷም የእናቷን ፊት አይታ፣ እንደ መሳቅ አለች። እትዬ ኤልዳና ግን ዓይኗ ቁጥሮቹ ላይ ነው። ሁሉም ከወረደ በኋላ ሊፍቱን ወደ ላይ መለሰችው። ከሠላሳ አንደኛ ፎቅ ማንም አልጠራም። እሷው ራሷ ተጫነችው።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ኢዮስያስ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ክራቫት የለም፤ ከሸበጣቸው ውስጥ ወፍራም የሴት ካልሲ አድርገዋል።

"እንዴት አደሩ ጋሼ?"

ጠበቀች። በሩ ሊዘጋ ሲል በእግሯ ያዘችው።

"ተናድጄ አደርኩ" አሉ።

"ውይ" አለች።

"ያን ንግግር ስንት ለፋሁበት መሰለሽ? ያን ሁሉ ሰው ፊት አጭር ነው ትይኛለሽ? ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ያብስራ ጠዋት መጥቶ የተሸለመ ሰው ያርፋል የሚለውን ደንብ ባይነግረኝ ኖሮ ዛሬ ይቺን ሊፍት አልረግጣትም ነበር።" ገቡና ከጎኗ ቆሙ። በሩ ተዘጋ። "ግን ደግሞ..."

ጠበቀች።

"ግን ደግሞ እውነትም አጭር ነበር" አሉ። "ካልሲውን ብቻ አይደለም ትወስድ የነበረው። ይኸውልሽ፣ ስንጋባ አንድ የዝናብ ካፖርት ነበረኝ..." ቆም ብለው ቁጥሩን አዩ። "እስከ ምድር አያልቅም።"

"ተመልሰን እንወጣለን።"

"የትኛው ፎቅ?" ሲል ጠየቀ ሊፍቱ።

ጋሽ ኢዮስያስ ስለ ዝናብ ካፖርቱ ቀጠሉ፤ ማንም አልመለሰለትም። ሊፍቱም ቆሞ ጠበቀ።